ካርታው ላይ ግራጫ የተቀባው ጨፌ፦ የሥነ ምህዳር አገልግሎትን በጋራ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ውስጥ እንዴት እናስገባው?

ካርታ ቀያሹ

ጤና ይስጥልኝ። በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ከነዋሪው ጋር የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ እንድናዘጋጅ ከተመደቡት ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። ሥራውን እንደተለመደው ከሳተላይት ምስል ጀመርን። እርሻው ቢጫ፣ የወል ግጦሹ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጥቁር አረንጓዴ፣ መንደሩ ቀይ ተቀባ። በእርሻውና በሐይቁ መካከል ያለው፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ጨፌ ግን ግራጫ ሆነና በቀለም መግለጫው ላይ «ሌላ» ተባለ። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ለምን እንደመረጥኩት ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

በስብሰባው ላይ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተነሥተው ጨፌው ለሩዝ ይከፋፈለን አሉ። ምክንያታቸውም ካርታው ራሱ ባዶ መሬት ነው ይላል የሚል ነበር። የተቃወመ ሰው አልነበረም። ለዕረፍት በተበተንበት ሰዓት ግን አንዲት እናት ወደ ግድግዳው ቀርበው «ልጄ፣ ይቺ አመድ የመሰለችው የእኛ ጨፌ ናት?» አሉኝ። አዎን ስላቸው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሌላው ሜዳ ሲነድ ከብቱ የሚውልበት ሣር፣ ለታንኳ የሚታጨደው ደንገል፣ ለቀዳም ሥዑር የሚነጨው ቄጤማ፣ ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ ዋዜማ የሚነቅሉት እንግጫ፣ በበጋ የማይነጥፈው የጉድጓድ ውኃ። የአንድ እጃቸው ጣት አለቀ። ከዚያም «ይኼን ስብሰባው ላይ ለምን አላነሡትም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዕቅዱን በሥነ ምህዳር አገልግሎት፣ ማለትም ተፈጥሮ ለሰው በምትሰጠው ጥቅም፣ ዓይን እንደ አዲስ ለመመልከት ወሰንን። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚሌኒየም ሥነ ምህዳር ግምገማ አገልግሎቶቹን በአቅርቦት (እንደ ሣርና ውኃ)፣ በቁጥጥር (እንደ ጎርፍ መቀነስ)፣ በባህል (እንደ በዓል ቄጤማ) እና በደጋፊነት (እንደ አፈር መፈጠር) በአራት እንደሚከፍላቸው የምታውቁት ነው። የተቸገርኩት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ዝርዝሩን መሙላት ቀላል ሆኖ ሳለ፣ የተሞላው ዝርዝር በወጣቶቹ ጥያቄና በእኒያ እናት ጣቶች መካከል እንዴት ሊያስማማ ይችላል? ጨፌው በብር ይገመት የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉ። በተግባር የሞከራችሁ ብታካፍሉን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ውኃ ለኪ

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዝርዝሩን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። «ረግረግ መሬት ጎርፍ ይቀንሳል፣ ደለል ያስቀራል» የሚለው አረፍተ ነገር በየሰነዱ ይገለበጣል። እውነት የሚሆነው ግን ውኃው በእርግጥ ወደ ረግረጉ ሲገባ ብቻ ነው። ጨፌ ደለል የሚያስቀረው ከወንዝ ሞልቶ የፈሰሰው ውኃ በሣርና በፊላ መካከል ተበትኖ ፍጥነቱን ሲያጣ፣ ያንጠለጠለውን አፈርም በዚያው ሲያራግፍ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በአብዛኛው ክረምት ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ሆኖም ወንዙ ዳርና ዳር በአፈር ክትር ከታጠረ ውኃው ጨፌውን ሳይነካ ጭቃውን እንደያዘ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ ጨፌው ሣር ሊሰጥ ይችላል፤ ደለል ያስቀራል ማለት ግን ለሌለ ሥራ ደመወዝ መክፈል ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት የመጀመሪያው ሥራ በእግር መሄድ ነው። ሽማግሌዎቹንና እረኞቹን ይዛችሁ ውኃው በየት እንደሚገባ፣ በየትኛው ወር እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ ጠይቁ። ያለፈው ዓመት ጎርፍ በቤት ግድግዳና በዛፍ ግንድ ላይ የተወውን የጭቃ መስመር ለኩ። አንድ ጊዜ ከአንድ አዛውንት ጋር ስንዞር በኮምፒውተር ሞዴል ሁለት ወር የፈጀብኝን የጎርፍ ወሰን በግማሽ ቀን በከዘራቸው አሳዩኝ፤ የእኔ መስመርና የእርሳቸው መስመር የተለያዩት በአንድ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ እዚያም የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ደለሉ ለምን እንደሚያሳስብ ላክል። ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው አፈር ለተክል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይመጣል። እምቦጭ በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ምግብ የሚገባው በዚያ በኩል በመሆኑ ነው። ሌላው ዓሣው ነው። ከጣና ነጭ ዓሣዎች መካከል በርካታ ዝርያዎች በክረምት ወደ ጉማራና ሌሎች ገባሮች ወጥተው በጠጠራማ ቦታ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ጠጠሩ በጭቃ ሲሸፈን ወይም አሸዋና ጠጠር አውጪው ሲወስደው እንቁላሉ አይተርፍም። እንግዲህ የእናንተ ቀበሌ ዕቅድ ከቀበሌያችሁ ወሰን ውጭ ያሉ ዓሣ አጥማጆችንም ይመለከታል ማለት ነው። በስብሰባችሁ ላይ እነርሱ ነበሩ?

ባሕር ሸሽ

ይቅርታ አድርጉልኝና ከስብሰባው ማዶ ያለውን ወገን ልወክል። በዚሁ ዙሪያ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዲግሪ ይዤ ሥራ ያጣሁ ሰው ነኝ። የአባቴ መሬት ለአምስት ወንድማማችና እህትማማች ቢካፈል ለእያንዳንዳችን አንድ ጥማድ በሬ ለማዞር የማይበቃ ቁራጭ ነው የሚደርሰን። ከደጋ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ አዲስ የሥነ ምህዳር አገልግሎት በተገኘ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው መሬት የሌለው ሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ። ተራራው ይከለል ሲባል ከብታችንን አወጣን። የወንዙ ዳር ይተው ሲባል አትክልታችንን ተውን። አሁን ደግሞ ጨፌው ሲባል ሩዛችንን እንድንተው ልትነግሩን ነው። እናቴም ቄጤማ ትነጫለች፤ የጠላሁት ቄጤማውን አይደለም።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ጨፌው የወል ነው ይባላል፤ ነገር ግን ብዙ ከብት ያለው ሰው ብዙ ያግጣል፣ አንድ ጊደር ያለው አንድ ጊደር ያግጣል፣ ምንም የሌለው ደግሞ ይመለከታል። «የወል» የሚለውን ቃል ከማክበራችን በፊት በእጁ ገብቶ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ መቁጠር ይገባል።

ካርታ ቀያሹ

ወንድሜ፣ የተናገርከው ትክክል ነው፤ በስብሰባው ላይ እንዲህ ተብራርቶ ቢነገር ኖሮ ሥራችን በቀለለ። የከብቱን ቆጠራ በጎጥ በጎጥ እንሠራዋለን። ዓሣ አጥማጆቹን በተመለከተ፣ አልተጠሩም፤ ስሕተቱ የእኛ ነው።

የመንዙ ልጅ

የጓሳን ነገር ያነሣ ሰው ስለሌለ እኔ ላንሣው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚልቅ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የደጋ ሣር ምድር ነው። ዛሬ እንግዳ የሚመጣለት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ነው። አባቶቻችን ግን ቦታውን የጠበቁት ለቀበሮ ብለው አልነበረም። የጠበቁት ለጓሳው ሣር ነው፦ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ በድርቅ ጊዜ ለከብት፤ ከሣሩ ጋርም ለማገዶ የሚሆነውን ቁጥቋጦ። ቀበሮው የተረፈው ሣሩ ስለተጠበቀ ነው፤ ይህን ነገር ለካርታ ቀያሹ ዝርዝር ጠቃሚ መስሎ ይታየኛል።

ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል፤ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። የመጠቀም መብት የነበራቸው ከሁለቱ አቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ነበሩ። እነዚህ ባለመብቶች አለቆቻቸውን ይመርጣሉ፤ ጓሳው ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋው አጋማሽ ይከፈትና ክረምቱ ሲገባ፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 አካባቢ፣ ሁሉም ለቅቆ ይወጣል። ቀኑ ከቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ አላወቅሁም ብሎ የሚያመካኝ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የዘር መብቱ ቀረ፤ ከእርሱ ጋርም መዝጋትና መክፈት የሚችለው ሥልጣን ቀረ። ከዚያ በኋላ ማኅበረሰቡ ሌላ ዓይነት አደረጃጀትና መተዳደሪያ ደንብ እስኪያበጅለት ድረስ ጓሳው ብዙ ተጎዳ።

ይህን ስናገር የአያቶቼን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደሴ አይደለም። ባሕር ሸሽ እንዳለው ነው፤ ቀሮም የሚያስወጣው ሰው ነበረው። ከአስቦ ወይም ከጌራ ያልተወለደ ሰው ጓሳውን በዓይኑ እንጂ በማጭዱ አያውቀውም ነበር። በ1967 የመጣው ለውጥ የዚህን ሰው በደል አነሣ፤ ጠባቂውን ግን ሳይተካ አነሣው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አገልግሎት አንድ ጊዜ ተቆጥሮ የሚቀመጥ አይደለም። በየመንደሩ ቆርቆሮ በገባ ቁጥር የክዳን ሣር ፈላጊው ይቀንሳል፤ ፈላጊው ሲቀንስ ሣሩን ለመጠበቅ የሚያድረው ሰውም ይቀንሳል። በእናንተም ዘንድ ታንኳ ሠሪው ወደ ሞተር ጀልባ ሲዞር ደንገሉን የሚጠብቀው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ አስቡበት።

ሒሳብ ደብተር

በብር ይገመት ለሚሉት ባልደረቦች የምነግራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ገዢው ማን ነው? ገዢ በሌለበት የሚሰላ ዋጋ በሰነድ ላይ ያምራል፤ በስብሰባ ላይ ግን ጉዳት አለው። ሩዙ በኩንታል፣ ኩንታሉ በብር ወዲያውኑ ይቆጠራል፤ የቄጤማው ዋጋ በግምት ስለሚወጣ ሁልጊዜ ያነሰ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው «የእናንተ ቄጤማ ይህን ያህል ብቻ ነው» ብሎ መዝጋት ይችላል።

ገዢ በተገኘበት ቦታ ግን ነገሩ ይለወጣል። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የሚሆን የተራቆተ ተራራ ከእርሻና ከግጦሽ ተከልሎ፣ በአብዛኛው ከቀረው ጉቶና ሥር እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፤ ዛፎቹ ከአየር ወስደው ከያዙትና ከተመዘገበው ካርቦን ከፊሉን የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ገዛ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ካርቦኑን ነው። ለዕቅድ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከካርቦኑ በፊት የተሠራው ነገር ነው። ነዋሪዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በስማቸው ተመዘገበ፤ ገንዘቡም የሚገባው ወደ ማኅበራቱ ሆነ። ከካርቦኑ ገንዘብ አስቀድሞም የሚታጨድ ሣርና ከተገረዘው ዛፍ የሚለቀም ማገዶ ደረሳቸው። የመጀመሪያው ትርፍ ቅርብና የሚጨበጥ ባይሆን ኖሮ ዓመታት የሚያስጠብቀውን ገንዘብ የሚታገሥ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለእናንተ ጨፌ ብር ሳይሆን ሌላ ሠንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል እያንዳንዱን አገልግሎት፣ በሌላ በኩል እያንዳንዱን ወገን አድርጋችሁ፣ በየሳጥኑ «ያገኛል»፣ «ያጣል»፣ «አይመለከተውም» ብቻ ጻፉ። ያጣል የሚለው ቃል በአንድ ወገን ዓምድ ላይ ከተደራረበ ዕቅዱ እንደማይጸና ያለ ሒሳብ ታውቁታላችሁ።

የሃድሰን ማዶ

ላለፉት በርካታ ዓመታት የምኖረው ኒው ዮርክ ነው፤ ለዚህ ውይይት የሚሆን ነገር በየቀኑ ከቧንቧ እጠጣለሁ። የከተማዋ ውኃ ዘጠኝ አሥረኛ የሚሆነው ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰሶች ያለ ማጣሪያ ጣቢያ ይመጣል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የፌዴራሉ የመጠጥ ውኃ ሕግ ሲጠነክር፣ ከተማዋ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚፈጅ ማጣሪያ ከመሥራትና ተፋሰሱን ከመጠበቅ አንዱን እንድትመርጥ ተገደደች። ይህ ታሪክ በየሥልጠናው «ተፈጥሮ ከኮንክሪት ይረክሳል» ተብሎ ይነገራል። የሚዘለለው መካከሉ ነው።

ከተማዋ በ1990 እ.ኤ.አ. በቅድሚያ ያደረገችው ነገር የራሷን ረቂቅ ደንብ በላይኛው ተፋሰስ ገበሬዎች ላይ መጫን ነበር፤ ከወንዝ ይህን ያህል ርቃችሁ እረሱ፣ ፍግ በዚህ አታፍስሱ ዓይነት። ገበሬዎቹ በቁጣ ተነሡ። አንዳንዶቹ ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ከተማዋ ለግድብ ስትል መንደር ያፈናቀለችባቸው ነበሩና ቂሙም አልበረደም ነበር። ለዓመታት ከተደራደሩ በኋላ በ1997 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ መሠረት ከተማዋ መሬት የምትገዛው ለመሸጥ ከፈቀደ ሰው ብቻ ነው፤ የእርሻ ጥበቃውን ሥራ የሚመራው ገበሬዎቹ የሚመሩት ምክር ቤት ነው፤ የእያንዳንዱ እርሻ ዕቅድ ከባለቤቱ ጋር ይወጣል፤ ወጪውን የሚችለው ውኃ ጠጪው ነው። የላይኛው ሰው ይሠራል፣ የታችኛው ሰው ይከፍላል።

በእርግጥ ባለ ብዙ ሚሊዮን ውኃ ከፋይ ያላት ከተማና የጣና ዳር ቀበሌ አንድ አይደሉም። ሆኖም ከገንዘቡ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ይዛመዳል፤ ደንቡ ቀድሞ ሲመጣ ጠብ ሆነ፣ ድርድሩ ሲቀድም ደንቡ ራሱ ቀለለ።

አረንጓዴ ደብተር

በመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ስለሆንኩ የሕጉን ነገር አጠር አድርጌ ልናገር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር፤ ስለ ረግረግ መሬትም አንቀጽ ነበረው። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ግን ክልከላው ጠፍቶ የፈረሰ ዕቅድ ሳይሆን ባለመብቱ ሳይታወቅ የፈረሰ ዕቅድ ነው። ግለሰቡ የይዞታ ደብተር አለው፣ ድንበሩ ተለክቷል፤ የወል መሬቱ ደግሞ ድንበሩ በአፍ ነው። ገፊው በዓመት አንድ ትልም ቢገፋ በአሥር ዓመት ስንት እንደሚሆን ቁጠሩት።

አንድ ቀበሌ ውስጥ (ስሙን ልተወው) በወፍራም ወረቀት የታተመ ባለ ቀለም የአጠቃቀም ካርታ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ከካርታው ሥር የቆመው ሊቀ መንበር «ይህ ግጦሽ ተብሎ የተቀባው አሁን ጤፍ ነው» አለኝ፤ ሲናገር ምንም አልከበደውም። የወል ይዞታው በተጠቃሚዎቹ ስም ይመዝገብ፣ መተዳደሪያ ደንቡም ከካርታው ጋር አብሮ ይጽደቅ። ከዚያ በፊት ቀለም መምረጥ ከንቱ ልፋት ነው።

ካርታ ቀያሹ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ስብሰባ አድርገን ተመልሻለሁና የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ በእግር ሄድን። ውኃ ለኪ እንዳሉት ሆነ፤ ጨፌውን በሁለት የሚከፍል አሮጌ የመስኖ ቦይ ስላለ የጎርፉ ውኃ የሚገባው ወደ ደቡቡ ክፍል ብቻ ነው። የሰሜኑ ክፍል የሚርሰው በዝናብና ከሐይቁ ሙላት ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውኃው እየሸሸለት ይሄዳል። በእኔ ካርታ ላይ ሁለቱም አንድ ግራጫ ነበሩ። እረኞቹ በስም ሳይቀር ነበር የሚለዩዋቸው።

በሁለተኛ ደረጃ በአንድ ካርታ ፋንታ አራት ካርታ ሠራን፤ ለክረምት፣ ለመጸው፣ ለበጋና ለበልግ። ይህን ሐሳብ ያመጡት እኒያ እናት ናቸው ማለት እችላለሁ፤ ቀለሙ ግራጫ ወይስ አረንጓዴ ይሁን ብለን ስንከራከር «በየትኛው ወር?» አሉን። ጭቅጭቁ ግማሽ የሚሆነው እዚያ ላይ ተፈታ። ሩዝ የሚዘራበት ወርና ከብት የሚገባበት ወር በሰሜኑ ክፍል አይገናኙም ነበርና።

ከዚያ የሒሳብ ደብተርን ሠንጠረዥ ሞላን። «ያጣል» የሚለው ቃል፣ እንደተፈራው፣ በወጣቶቹ ዓምድ ላይ ተደረደረ። ስለዚህ የሰሜኑ ጠርዝ «ባሕር ሸሽ» ለሚባለው፣ ውኃው ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ መሬት ላይ ለሚዘራ እርሻ ለመሬት አልባ ወጣቶች ማኅበር እንዲሰጥ፣ ሽምብራና ጓያ እንዲዘሩበት፣ ሰብሉ ሲነሣ ለግጦሽ እንዲከፈት ሐሳብ ቀረበ። የደቡቡ ክፍል እንዳይታረስ፣ ደንገሉና ቄጤማው ግን በተወሰነ ቀን ብቻ እንዲታጨድ ተባለ፤ ቀኑን ካህናቱና የጎጥ ሽማግሌዎች ይቆርጡታል። በከብት ብዛት ላይ ግን መስማማት አልተቻለም። ቆጠራው ሲነበብ ከጨፌው ግጦሽ አብዛኛውን የሚወስዱት ጥቂት አባወራዎች መሆናቸው ታወቀ፤ ከእነርሱም ሁለቱ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላት ናቸው። ከዚያ በኋላ ስብሰባው በጊዜ ተበተነ።

ባሕር ሸሽ

ያችን ጠርዝ አውቃታለሁ። መልካም መሬት ናት፤ ነገር ግን ሐይቁ በሞላበት ዓመት እስከ ኅዳር አትለቅም። ማኅበሩ የሚደራጀው በዚህ ስሌት ከሆነ የመጀመሪያው መጥፎ ዓመት ያፈርሰዋል። ውኃው በዘገየ ዓመት ወጣቶቹ ከደቡቡ ክፍል የደንገል ማጨድ ድርሻ እንዲያገኙ በደንቡ ይጻፍ። የከብቱን ነገር ደግሞ ኮሚቴው በሌለበት፣ በጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡት።

ውኃ ለኪ

አሮጌውን ቦይ ማን እንደሚጠርግ ዕቅዱ ላይ ተጽፏል? ካልተጠረገ በሁለት ክረምት ይደፈንና ውኃው መንገዱን ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ደቡብና ሰሜን ያላችሁት ሁሉ ይገለበጣል። ከሰኔ በፊት በሁለቱም ክፍሎች ባለ ሜትር የእንጨት ችካል ትከሉና እረኞቹ በየሳምንቱ የውኃውን ልክ እንዲያነቡላችሁ አድርጉ። ለማንበቢያ የሚሆን ቅጽ ካስፈለገ እልክላችኋለሁ።

ካርታ ቀያሹ

አልተጻፈም። ቅጹን ላኩልኝ፤ ችካሉን በሚመጣው ሳምንት እንተክላለን። በቀለም መግለጫው ላይ «ሌላ» የሚለው ተሰርዞ ሁለቱ ክፍሎች እረኞቹ በሚጠሯቸው ስም ገብተዋል።